ጥብሱ ለምን ይጠጥራል? ርካሽ የበሬ ሥጋን አለስልሶ ስለመጥበስ

ጥያቄ፦ «ግማሽ ኪሎ ቀይ ሥጋ ከሰፈራችን ሥጋ ቤት እገዛለሁ። እዚያው ከትፈው ይሰጡኛል። ቤት አጥቤ መጥበሻ ላይ እጥደዋለሁ። ብዙ ውሃ ያወጣል። ውሃው እስኪመጥ ጠብቄ ዘይትና ሽንኩርት ስጨምርበት ጎማ ይሆናል። ባለቤቴ ‹ገና አልበሰለም፣ ትንሽ ይቆይ› ይላል። ሲቆይ ደግሞ ይብስበታል። ሎሚ ጨምቄበት አሳድሬም ሞክሬያለሁ። ለፋሲካ የገባነው ቅርጫ እንኳ ከሥጋ ቤቱ ሥጋ አልተሻለም፤ በዚያው ቀን ፍሪዘር አስገብቼው ነበር፣ ግማሹ አሁንም እዚያው አለ። ጭቅና የመግዛት አቅም የለኝም። በዚህ ሥጋ ለስላሳ ጥብስ መሥራት ይቻላል?»

ይቻላል። ባለቤትዎ ግን ተሳስተዋል። ያ ሥጋ የሚጠጥረው ሳይበስል ቀርቶ አይደለም፤ በስሎ አልፎበት ነው። «ትንሽ ይቆይ» የሚለው ምክር የብዙ ቤት ጥብስ አበላሽቷል። ለወጥ የሚሠራ ምክር ነው፣ ለጥብስ አይሠራም።

ጠንካራ ሥጋ ለስላሳ ሆኖ የሚበላባቸው ጊዜያት ሁለት ናቸው። አንዱ በጣም አጭር ነው። በስሱ የተቆረጠ ሥጋ ኃይለኛ እሳት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ይነሣል። ሌላው በጣም ረጅም ነው። ውሃ ተጨምሮበት፣ ተከድኖ፣ በዝግታ ሁለት ሰዓት ያህል ይበስላል። በሁለቱ መሀል ያለው ጊዜ በሙሉ የጎማ ጊዜ ነው። እርስዎ በነገሩኝ አሠራር ሥጋው ሃያ፣ ሃያ አምስት ደቂቃ እሳት ላይ ሳይቆይ አይቀርም። ልክ መሀሉ ላይ ወደቀ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ከቀይ ሥጋ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃው በቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ውስጥና መሀል ተይዞ ይኖራል። ሥጋው ሲሞቅ፣ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ክሮቹ መጨማደድ ይጀምራሉ። 60 አልፎ ወደ 65 ሲጠጋ ደግሞ ክሮቹን ጠቅልሎ የያዘው ስስ ሽፋን ይኮማተራል። ይህ ሽፋን ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። እሱ ሲኮማተር፣ እርጥብ ልብስ ሲጨመቅ እንደሚሆነው፣ ውሃው እየተጨመቀ ይወጣል። 70 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ብዙ ከቆየ የሚተርፈው ድርቅ ያለ ክር ነው። መጥበሻዎ ላይ የሚያዩት ውሃ ከሌላ ቦታ አልመጣም። ሲያኝኩ አፍዎ ውስጥ መገኘት የነበረበት ጭማቂ ነው።

ያው ኮላጅን ታዲያ በውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከሞቀ ባሕርዩ ይለወጣል። ቀስ እያለ ይቀልጥና ጄላቲን ይሆናል። የቅልጥም መረቅ ሲያድር የሚረጋው፣ ትኩሱን ሲጠጡት ደግሞ ከንፈር የሚያጣብቀው እሱ ነው። ወጥ ውስጥ ጠንካራ ሥጋ የሚፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሃያ ደቂቃ ግን አይበቃውም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ሳይሆን 92 አካባቢ ነው። ድስቱ የፈለገውን ያህል ቢንተከተክ ከዚያ አያልፍም።

«ውሃው እስኪመጥ» የሚባለው አሠራር ችግሩም እዚህ ላይ ነው። መጥበሻው ውሃ እስካቆረ ድረስ ሥጋው ከመፍያው በላይ አይሞቅም። ሥጋ የሚቀላውና ያ የጥብስ ሽታ የሚመጣው ግን ከ140 ዲግሪ ወዲያ ነው። ስለዚህ ሥጋው መጀመሪያ በራሱ ውሃ ይቀቀላል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይጠበሳል። ሦስት ጊዜ በሰለ ማለት ነው። ጮማ ያለው የድልብ ሰንጋ ሥጋ ይህን ይችለዋል። ስቡ እየቀለጠ ያረጥበዋል፣ አፍ ላይም ድርቀቱን ይሸፍናል። እርስዎ የሚገዙት ቀይ ሥጋ ግን የሚሸፍንለት ስብ የለውም።

የከብቱ ዕድሜም አለበት። ርካሹ ሥጋ ብዙ ጊዜ ለዓመታት ያረሰ በሬ ወይም ወተቷ የነጠፈ ላም ነው። ከብት ሲያረጅ ኮላጅኑ እርስ በርሱ እየተሳሰረ ይጠነክራል፣ ለመቅለጥም ያስቸግራል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች «እኔ በአሥር ደቂቃ ልስልስ ያለ ጥብስ እሠራለሁ» ሲሉ እውነታቸውን ነው። እዚያ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የበሬ ሥጋ አብዛኛው ሦስት ዓመት ካልሞላው ከብት የተገኘ ነው። ከታረደም በኋላ ቀዝቃዛ ቦታ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ቆይቷል። የእነሱን አሠራር እንዳለ ወስዶ የእኛ ሥጋ ላይ መሞከር አያዋጣም።

ቀጥዬ የምለው የብዙ ሰው እምነት ይነካል። ትኩስ ሥጋ ምርጥ ሥጋ ነው እንላለን። ለቁርጥ ልክ ነው። በሬው እንደታረደ ጡንቻው ገና ልል ስለሆነ ጥሬውን ሲበሉት ለስላሳ ነው። ከሰዓታት በኋላ ግን ጡንቻው ውስጥ የነበረው ጉልበት ያልቅና ክሮቹ ተቆላልፈው ይገትራሉ። የበሬ ሥጋ ግትርነቱ ጫፍ የሚደርሰው በአንድ ቀን ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ ሥጋው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ክሮቹን ቀስ በቀስ እየቆራረጡ ያላሉታል። እንግዲህ ሌሊት ታርዶ ጠዋት ሥጋ ቤት የደረሰውን ከሰዓት ገዝተው ማታ ሲጠብሱት፣ ሥጋው በጣም በገተረበት ሰዓት ያዙት ማለት ነው። ለጥብስ ከዚህ የከፋ ሰዓት የለም።

ስለዚህ ገንዘብ የማይጠይቀው የመጀመሪያ መፍትሔ ሁለት ቀን ማቆየት ነው። ሥጋውን ሳይከትፉ፣ ሳያጥቡ፣ እንዳለ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ፍሪጅ የታችኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት። ፍሪዘር አላልኩም። ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሦስት። ፍሪጁ 4 ዲግሪና ከዚያ በታች መሆን አለበት። መብራት ጠፍቶ ከቆየ ይህ ዕቅድ ይቅርና አራት ሰዓት ሳይሞላው ሥጋውን ያብስሉት። የከተፉት ሥጋ ለማቆየት አይሆንም፤ አየር የነካው ገጽ ሲበዛ ቶሎ ይበላሻል።

ቅርጫው ላይ የደረሰው ነገር ከዚህ የተለየ ነው፣ ብዙ ቤትም የሚሠራው ስሕተት ነው። በሬው ጠዋት ይታረዳል። መደብ መደብ ተደርጎ ይከፋፈላል። ሥጋው ገና እንፋሎቱ ሳይወጣለት ቤት ይገባል። እንዳይበላሽ ተብሎ በትንንሹ ተቆራርጦ፣ በፌስታል ተቋጥሮ ቀጥታ ፍሪዘር ይከተታል። ጡንቻው ገና ሳይገትር፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰዓታት ውስጥ ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ግን በኃይል ይኮማተራል። ተኮማትሮም ይቀራል። ከአጥንቱ የተለየ ሥጋ ይበልጥ ይጎዳል፣ ወጥሮ የሚይዘው የለማ። ትንንሽ ቁራጭ ደግሞ ፈጥኖ ስለሚቀዘቅዝ ከሁሉ ይብስበታል። ያ ሥጋ በረዶው ሲለቅ ደም የመሰለ ቀይ ውሃ ብዙ ይፈሰዋል። መጥበሻ ላይም ይጨማደዳል። ጥሩ ሰንጋ ገዝታችሁ ሊሆን ይችላል። ሥጋውን ያበላሸው ፍሪዘሩ ነው።

አሁን ፍሪዘርዎ ውስጥ የቀረውን ለጥብስ አይልፉበት። ቀይ ወጥ ያድርጉት፣ ወይም አስፈጭተው ምንቸት አብሽ ይሥሩበት። ሲፈጭ ክሩ ስለሚቆራረጥ የጠጠረበት ነገር ይጠፋል። ለሚቀጥለው በዓል ግን መደብዎን በትልልቁ ይተዉት። ጥላ ያለበት፣ ንፋስ የሚያገኘው ንጹሕ ቦታ ጥቂት ሰዓት ተሰቅሎ ሙቀቱ ይውጣለት። ከዚያ በትልልቁ ፍሪጅ ውስጥ ይደር። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ብልት ብልቱን ለይተው፣ ለአንድ ጊዜ የሚበቃዎትን እየለኩ ፍሪዘር ያስገቡ። ይህ ለደጋና ለወይና ደጋ ነው። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ ለሚኖር አልመክርም። እዚያ ሥጋ ውጭ ከሚቆይ ጠጥሮ ቢበላ ይሻላል።

ብልት መለየት ያልኩት ዋና ነገር ነው። ቅርጫ ላይም ሥጋ ቤትም ሁሉም ተቀላቅሎ «ቀይ ሥጋ» ይባላል። ሽንጥና ጭቅና ብዙ የማይሠሩ ጡንቻዎች ስለሆኑ ለስላሳ ናቸው፣ ዋጋቸውም ለዚህ ነው። ወርች፣ ፍርምባ፣ አንገትና ቅልጥም አካባቢ ያለው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከብቱን የሚሸከምና የሚያራምድ ነው። ጅማቱ ብዙ ነው። እነዚህን ቢቀጥኑም ባይቀጥኑም በሦስት ደቂቃ ልጠብስ ማለት ልፋት ነው። ለእርስዎ የሚሆነው መሀል ላይ ያለው የኋላ ጭን ቀይ ሥጋ ነው። ስብ የለውም፣ ክሩ ረጅምና ጉልህ ነው፣ ውስጡ ግን ጅማት አይበዛበትም። በትክክል ከተቆረጠ ጥሩ ጥብስ ይወጣዋል።

ስለዚህ ሥጋ ቤት ሲገቡ «ከጭኑ፣ አንድ ወጥ አድርገህ፣ ሳትከትፈው ስጠኝ» ይበሉ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር አደራ። ሰልፍ ያለበት ሥጋ ቆራጭ ክሩ ወዴት እንደሚሄድ አይቶ አይከትፍም፣ ጊዜም የለውም። አንዱ ቁራጭ በቁመት፣ አንዱ አግድም፣ አንዱ እንደ አውራ ጣት፣ አንዱ እንደ ሽምብራ ሆኖ ይመጣል። ትንሹ ሲያር ትልቁ ገና ነው። ከቤት ቢላዋ ጋር ሲነጻጸር ሥራው ፈጣን ነው፣ ግን ጥብስዎ ግማሽ የሚበላሸው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ቤት ሲቆርጡ መጀመሪያ ላዩ ላይ ያለውን ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ይግፈፉት። የቢላውን ጫፍ ከሥሩ አስገብተው፣ ስለቱን ወደ ሽፋኑ አዘንብለው ሲገፉት ተገፎ ይመጣል። ይህ ሽፋን በመጥበስ አይለሰልስም። ከተውት እሳት ሲነካው ይሰበሰብና ሥጋውን ይጠቀልለዋል። ከዚያ ሥጋውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አርባ አምስት ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ ያቆዩት። ይህኛው ችግር የለውም፣ ሥጋው ቀኑን ጨርሷል። ላዩ ጠንከር ሲል ቢላ አያንሸራትትም፣ እንደ ልብ ስስ አድርጎ መቁረጥ ይቻላል።

አሁን ሥጋውን ብርሃን ላይ አድርገው ይዩት። ጎን ለጎን ተኝተው በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ቢላው እነዚህን ክሮች አቋርጦ መሄድ አለበት። ውፍረቱ ከአራት እስከ አምስት ሚሊ ሜትር ይሁን። በትክክል የተቆረጠ ቁራጭ ፊቱ ላይ ረጃጅም መስመር አይታይበትም፤ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይመስላል። በሁለት ጣት ይዘው ሳብ ሲያደርጉት በቀላሉ ይለያያል። በቁመት የተቆረጠው ግን ቢጎትቱትም እሺ አይልም። ጥርስዎም የሚገጥመው ያንኑ ነው። አግድም ሲቆረጥ ረጅሙን ክር ቢላው ቀድሞ ቆርጦልዎታል። ከምመክረው ሁሉ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። በዚህ ምክንያት ዘልዘል ጥብስ ለርካሽ ሥጋ አይሆንም፤ ዘልዘል ብዙ ጊዜ በክሩ ርዝመት ነው የሚወጣው። ሥጋውን ሰፋ አድርገው እንደ ኮቶሌት ሊጠብሱት ከፈለጉም አግድም ቆርጠው፣ በፌስታል ሸፍነው፣ በሙቀጫ ዘነዘና መታ መታ ማድረግ ይጠቅማል። መውቀጥ ግን አይደለም።

ወደ ሎሚው ልምጣ። ሎሚም አቼቶም ከሥጋው ላዩን እንጂ ውስጡን አይነኩም፣ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ቢገቡ ነው። ሌሊቱን ሲያድር ላዩ ይነጣል፣ አፍ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ውስጡ ግን እንደነበረው ነው። ለጣዕም ሎሚ ከወደዱ ሲያወጡት ጨመቅ ያድርጉበት። ፓፓያ ከሎሚ በተለየ በርግጥም ፕሮቲን የሚበጥስ ኢንዛይም አለው፣ ያልበሰለው አረንጓዴው ላይ በብዛት። አንድ የሾርባ ማንኪያ ፍቅፋቂ ለግማሽ ኪሎ፣ ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ግን ልኩን ለመያዝ ያስቸግራል። ትንሽ ካለፈ ሥጋው ይላሽቃል፣ ላዩ ሊጥ ይመስላል። እኔ አልጠቀምበትም።

የምመክረው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሲገዙ ዕቃው ላይ ያለውን ስም ያንብቡ። ለግማሽ ኪሎ ስስ ቁራጭ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ ከዚያ አይለፍ። በሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጠው ሥጋውን ያሹበት፣ ሃያ ደቂቃ ያቆዩት። ሶዳው የሥጋውን አሲድነት ስለሚቀንስ ክሮቹ እሳት ሲነካቸው ያን ያህል አይጨማደዱም። ውሃቸውንም ይይዛሉ። የቻይና ምግብ ቤቶች ስስ የበሬ ሥጋ ልስልስ የሚለው በአብዛኛው በዚህ ዓይነት ዘዴ ነው። ሶዳው ከበዛ ወይም ብዙ ከቆየ ሳሙና ሳሙና ይላል። ስለዚህ ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ሳህን ውስጥ ውሃ አድርገው ለቅለቅ ያድርጉትና በደንብ ያድርቁት። ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ሶዳም እንደ ጨው ሶዲየም ስላለው ያን ቀን የሚጨምሩትን ጨው ይቀንሱ፣ ሐኪም ሶዲየም ከከለከለው ደግሞ ሶዳውን ይተዉት። በትክክል መቁረጡ ብቻውን ብዙ ይሠራል።

ጨውን በተመለከተ «ቀድሞ ከተደረገ ያደርቀዋል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ጨው መጀመሪያ ውሃ ያወጣል። አርባ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ግን ያ ውሃ ጨዉን ይዞ መልሶ ይገባል። ችግር የሚሆነው አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ቀድመው ጨምረው ላዩ ላይ ውሃ እንዳቆረ ሲጥዱት ነው። ሶዳ ከተጠቀሙ ጨዉን መጨረሻ ላይ ማድረግ ይቀላል።

ሥጋ ማጠብ ግን ይቅር። የታጠበ ሥጋ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ውሃው ጀርሙንም አያጠፋውም፣ ሲንኩና ዕቃው ላይ ይረጨዋል እንጂ። ሶዳውን ለማለቅለቅ ካልሆነ በቀር ሥጋና ውሃ አይገናኙ። የቆሸሸ ነገር ካለ በቢላ ጫፍ ያንሡት። ከመጣድዎ በፊት እያንዳንዱን ቁራጭ በንጹሕ ጨርቅ ወይም በወረቀት ያድርቁ። ጣትዎን ሲያስነኩት ጭብጥ የሚል እንጂ የሚያረጥብ መሆን የለበትም።

ቀጥሎ እሳቱ ነው። የብረት መጥበሻ ካለዎት እሱን ይጠቀሙ። ባዶውን ይጣዱትና በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሆነ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብቁት፣ በቡታጋዝ ሦስት ይበቃዋል። የውሃ ጠብታ ጣል ሲያደርጉበት ተንሳፍፋ የምትሮጥ ከሆነ ደርሷል። ቴፍሎን መጥበሻ ግን ባዶውን እንዲህ አይጋልም፤ ከልክ በላይ ሲግል የሚወጣው ጭስ ይጎዳል። ከሰል የምድጃ ጉልበት አለው፣ ለጥብስ ጥሩ ነው። በተዘጋ ቤት ግን በፍጹም አይሆንም፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

የሱፍ ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያድርጉ። ቅቤ በዚህ ሰዓት አይገባም። ያልተነጠረው ያርራል፣ የተነጠረው ደግሞ ኮሰረቱና ኮረሪማው ይቃጠልና ይመርራል። ግማሽ ኪሎውን ለሦስት ይክፈሉት። አንዱን ክፍል ብቻ፣ ሳይደራረብ፣ በመሀሉ ክፍተት እያለ ያስገቡ። ጆሮዎን ይጠቀሙ። ሥጋው ሲገባ «ቿ» ብሎ መጮህ አለበት፣ ጩኸቱም እንዳለ መቀጠል አለበት። ድምፁ ወርዶ መንፈቅፈቅ ከጀመረ ሥጋው በዝቷል ወይም እሳቱ አንሷል። ወዲያው ግማሹን ያውጡ። ለአንድ ደቂቃ አይንኩት። ማማሰል እንወዳለን፣ እዚህ ላይ ግን እጅ ይሰብሰብ። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ይገልብጡት፣ ሌላ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ሳህን ላይ ያውጡት። መጥበሻው መልሶ እንዲግል ግማሽ ደቂቃ ይስጡትና ሁለተኛውን ያስገቡ።

ሥጋው ሦስቱም ሲያልቅ ቀይ ሽንኩርቱን እዚያው መጥበሻ ላይ ያድርጉ። ሽንኩርት ራሱ ውሃ አለው፣ ከሥጋው ጋር አብሮ ከገባ ያንን ሁሉ ልፋት ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ሥሩ ላይ የያዘውን ቡናማ በጥቂት ውሃ ፋቅ ፋቅ ያድርጉት፣ ጣዕሙ እሱ ነው። ሽንኩርቱ ላላ ሲል ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል። አዋዜ የሚወዱ ከሆነ አሁን። ቲማቲም ከፈለጉ ውሃው እስኪያልቅ ሽንኩርቱ ላይ ይብሰል። በመጨረሻ ምድጃውን አጥፍተው ንጥር ቅቤና ጨው ጨምሩ፣ ሥጋውንም ሳህኑ ላይ ካጠራቀመው ጭማቂ ጋር መልሰው ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡት። መጥበሻው ውስጥ የቀረው ሙቀት ይበቃል። ወዲያው ይቅረብ።

«በሁለት ደቂቃ የበሰለ ሥጋ ይታመናል ወይ?» ማለትዎ አይቀርም። አምስት ሚሊ ሜትር የሆነ ቁራጭ በዚህ እሳት ላይ በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ደቂቃ ከተጠበሰ መሀሉ ድረስ ይበስላል። አንዱን ቆርጠው ይዩት። ውስጡ ቀይ መሆን የለበትም። አገራችን የኮሶ ትል አለ፣ ስለዚህ እንደ ፈረንጅ ስቴክ ደም እያሳየ ይበላ አልልም። የኮሶው እጭ ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይቋቋምም፤ መሀሉ 70 እስኪደርስ መጥበሱ ለሌላውም ጀርም ዋስትና ነው። ዋናው 70 ሲደርስ ማንሣት ነው፣ እዚያ ላይ ሃያ ደቂቃ መቆየት አይደለም። የቄራ ማኅተም የሌለበትን ሥጋ ደግሞ ርካሽ ነው ብለው አይግዙ።

ወርች ወይም ፍርምባ ብቻ ከተገኘስ? ያኔ ሁለተኛውን መንገድ ይያዙ። ወፈር ወፈር አድርገው ይቁረጡት። ሥጋውን ግማሽ በሚሸፍን ውሃ፣ ከጨውና ከአንድ ራስ ሽንኩርት ጋር ከድነው በዝግ እሳት ሁለት ሰዓት ያብስሉ። ፕሬዠር ድስት ካለ አርባ አምስት ደቂቃ ይበቃዋል፣ ሙቀቱ ከተራ ድስት ስለሚበልጥ። ሹካ ያለ ትግል ሲገባለት ክዳኑን አንሥተው ውሃው ይመጥ። እዚህ ላይ «ውሃው እስኪመጥ» ትክክል ነው። ከዚያ በንጥር ቅቤ ላዩን ቀላ ያድርጉት። ክሩ በእጅ የሚለያይ፣ ጠጅ የሚያስጠራ ጥብስ ይሆናል። የማይሆነው ሁለቱን መንገዶች መቀላቀል ነው።

የእኔ ምክር እንግዲህ ቁርጥ ያለ ነው። ሎሚውን ይተዉ፣ ማጠቡን ይተዉ፣ በደረቅ መጥበሻ ውሃ ማምጠጡን ይተዉ። ሐሙስ ከጭኑ አንድ ወጥ ሥጋ ይግዙ፣ ዓርብ ጾም ነውና እስከ ቅዳሜ ፍሪጅ ይቆይ። ቅዳሜ አግድም በስሱ ቆርጠው፣ በሶዳ ሃያ ደቂቃ አቆይተው፣ አድርቀው፣ በሦስት ዙር ይጥበሱት። ባለቤትዎ «ገና ነው» ሲሉ ሳህኑን ያቅርቡላቸው እንጂ መልሰው አይጣዱት።

የተረፈውን ለእሑድ ጠዋት ሲያሞቁም ያው ነው። ሥጋውን ለይተው ያስቀምጡ። ስልሱን አሙቀው እንጀራውን ይፈርፍሩበት፣ ሥጋውን በመጨረሻዋ ደቂቃ ጣል አድርገው በደንብ እስኪሞቅ ብቻ ያገላብጡት።